ሠላሳው እንቁላልና አርባ ሁለት ክንዱ ገደል

አንባቢ ሆይ፤ ከአርባ ሁለት ክንድ ከፍታ ስለ መውደቅ ልነግርዎ ነው። ቁጥሩን ለወግ ያመጣሁት እንዳይመስልዎ፤ በገመድ ለክተነዋል፣ ልኬቱንም አራት ሰዎች ተከራክረንበታል። የወደቀው ገላዬ አልነበረም። ቢሆንም ከዚያ ቅዳሜ በፊት የነበርኩት ሰው ከገደሉ ሥር ቀርቷል፤ ወደ ከተማዬ አርብ ገበያ የተመለሰው ሌላ ነው።

በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልናገር። በታች ጋይንት፣ በአርብ ገበያ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ቢሆንም አነጋገሬ የስድሳ ዓመት ሰው ነበር። ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አነባለሁ። ግራጫ ኮቴን በበጋም በክረምትም እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ እቆልፋለሁ። ሰውን ሁሉ፣ በሁለት ዓመት የሚያንሰኝን የባጃጅ ሾፌር ሳይቀር፣ «እርስዎ» እላለሁ። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ቃለ ጉባኤ» ይሉኝ እንደነበር የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ስሰማም አልተቀየምኩም፤ ቃለ ጉባኤ የተከበረ ሰነድ ነው ብዬ አሰብኩ።

ይህ ሰው አንድ ድክመት ነበረው፤ ጨዋታ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በስልኬ ያወረድኩትን የአንድ የጀብዱ ጨዋታ ደንብ ሁለት ክረምት ተቀምጬ ወደ አማርኛ መልሼው፣ በወፍራም ደብተር ገልብጬው ነበር። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም። ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ዳኛ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ በወረቀት ላይ የጻፉትን ጀግና ሆነው «እዚህ እገባለሁ፣ ያንን እመታለሁ» ይላሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ፣ ያ ባለ ስድስት ገጽ የሉዶ ጠጠር፣ ይወስናል። ዘንዶ አለ፣ ምሽግ አለ፣ አስማት አለ። እያንዳንዱ ጀግና ምን ያህል ጉዳት መሸከም እንደሚችል የሚያሳይ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሲመታ ይቀነስለታል፤ ዜሮ ሲገባ ይሞታል። እኔ ይህን ቁጥር «ነፍስ» ብዬ ተርጉሜው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ግን ዲያቆን ኅሩይ እጁን አነሣ።

«መምህር፣ ነፍስ አንዲት ናት። ሠላሳ ነፍስ ያለው ሰው ሆኜ ብጫወት የኔታ ያባርሩኛል።»

ስለዚህ «ጽናት» አልነው።

ኅሩይ በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓና ቅኔ ተምሮ፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጀምሮ፣ በዚያ ዓመት በከተማችን ደብር የሚያገለግል ሰው ነበር። በጨዋታው ቅኔ እየተቀኘ እሳት የሚያዘንብ ጠቢብ ነበር። ሁለተኛው ተጫዋች ደሴ፣ ያ ባጃጅ ነጂ፣ በጨዋታው ሌባ ነበር፤ ከዘንዶ ጋር ስንዋጋ እሱ የዘንዶውን ጎተራ ይፈትሻል። ሦስተኛዋ ሲስተር ማኅሌት ናት።

ማኅሌት የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፤ ክትባት ይዛ በእግሯ የማትደርስበት ቀበሌ አልነበረም። ስትስቅ ጠረጴዛውን በመዳፏ ትመታለች፤ ዳይሱ ይዘላል፣ ቁጥሩ ይለወጣል፣ ከዚያ ክርክር ነው። እኔ ለእሷ የጻፍኩትን አንድ ደብዳቤ ሰባት ጊዜ ገልብጬ፣ በኮቴ የውስጥ ኪስ አምስት ወር ተሸክሜዋለሁ። በየእሑዱ ልሰጣት እነሣለሁ፤ በየእሑዱ አንድ ዐረፍተ ነገር የሚስተካከል ሆኖ ይታየኛል።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማኅሌት ወደ ደብረ ታቦር መዛወሯን ነገረችን። በሳምንቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ በአውቶቡስ ትሄዳለች። ያ ጨዋታ የመጨረሻችን መሆኑ ነው።

ጀግናዋ መብረቂት ትባላለች፤ ሠላሳ ጽናት ነበራት። ያሳደድነው ዘንዶ ከምሽጉ ጫፍ ክንፉን ሲዘረጋ ማኅሌት ከወንበሯ ተነሣች።

«ጀርባው ላይ እዘላለሁ!»

«ከበታችዎ አርባ ሁለት ክንድ ገደል እንዳለ ያስታውሳሉ?» አልኩ።

«እርስዎ አትበለኝ፤ ዘልያለሁ።»

ዳይሱ ከዳት፤ መብረቂት ክንፉን ስታ ወደቀች። የመውደቅ ደንቡ ግልጽ ነው። በየሰባት ክንዱ አንድ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ሁሉ ተደምሮ ከጽናት ይቀነሳል። አርባ ሁለት ክንድ ስድስት ዳይስ ነው። እኛ ከሉዶ የወሰድናቸው ሁለት ብቻ ስለነበሩን ሦስት ጊዜ ወረወረች። ሁለትና አምስት፤ ሦስትና ስድስት፤ አንድና አምስት።

«ሃያ ሁለት!» ብላ ጠረጴዛውን መታች። «ስምንት ቀረኝ! አቧራዬን አራግፌ ዘንዶውን እከተላለሁ።»

እኔ ግን ያንን ገደል በፊዚክስ ዐይን አየሁት። አርባ ሁለት ክንድ ሃያ ሜትር ያህላል። ከዚያ የወደቀ ሰው መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሜዳ ላይ እንደሚከንፍ አውቶቡስ ነው።

«ሞታለች» አልኩና ደብተሩ ላይ ጻፍኩት።

«ኧረ መምህር፣ በጾም ሰው አትግደል!» አለ ደሴ።

«ደንቡ ስምንት ይቀርሻል ይላል» አለች ማኅሌት።

«ደንቡ ተሳስቷል። ከዚህ ከፍታ ወድቆ የሚነሣ የለም። በዚያ ላይ ስምንት የቀረው ሠላሳ እንዳለው ሰው ይሮጣል፤ አንድ ብቻ የቀረው እንኳ ቆሞ ይናገራል፣ ይዋጋል! ይህ ምን ዓይነት ሕግ ነው?»

«ስማ» አለች፤ ፈገግታዋ ጠፍቶ ነበር። «ከዋርካ የወደቀ ሰው በእግሩ መጥቶ ‹ሲስተር፣ ትንሽ ጎኔን ይወጋኛል› ብሎኛል። ደጃፉ ላይ የተደናቀፈ ሰው ደግሞ በቃሬዛ አምጥተውልኛል። አንተ ስንት ሰው ሲወድቅ አይተሃል?»

«በስሌት …»

«በስሌት አልጠየቅሁህም።»

ኅሩይ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ ጠብ ሲያይ ይተረጉማል። «ጽናት ምንድን ነው?» አለ፣ ጉባኤ ላይ እንዳለ ሁሉ። «አንድም ሥጋ ነው፤ ሥጋ ካልሆነ ስለምን በጦር ይቀነሳል። አንድም ልምድ ነው፤ ብዙ የወደቀ አወዳደቁን ያውቃልና። አንድም ዕድል ነው፤ ዳይስ የሚጣለው ስለዚህ ነውና። አንድም …»

«አንድም?» አለ ደሴ።

«አራተኛውን ገና አላገኘሁትም።»

ማኅሌት የመብረቂትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «በእጅህ የጻፍከውን ደንብ አንተው ካላመንክበት እኔ በምን ልመን?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቅሬታ ነበር። ይህችን ሴት ከስምንት ቀን በኋላ ላላያት ነው፤ ስለ እኔ ይዛ የምትሄደው የመጨረሻ ነገር ደግሞ «ሞታለች» የሚል ቃል ነው። ደብዳቤው ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

ያዳነን ደሴ ነው። «ለምን አንሞክረውም?» አለ። «ገደል እንደሆነ አገራችን ሞልቷል።»

«ማንን ልንጥል?»

«ሰው መሳይ እንሠራለን፤ ገለባ ጠቅጥቀን።»

«ገለባ ምን ይሞታል?» አለች ማኅሌት፤ ዐይኗ ግን በርቶ ነበር።

«እንቁላል!» አለ ኅሩይ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ሠላሳ ጽናት፣ ሠላሳ እንቁላል! በገለባው ውስጥ እንሸጉጣለን፤ የተሰበረው ተቀነሰ፣ ያልተሰበረው ቀረ። ጊዜውም ጾም ነው፤ ዶሮ አትጾም፣ ሰው አይበላ፤ እንቁላል እንደልብ ነው።»

ማኅሌት እጇን ዘረጋችልኝ። «ስምንትና ከዚያ በላይ ከተረፈ መብረቂት ትኖራለች። ካነሰ ሞታለች፤ እኔም ሰኞ ዝም ብዬ እሄዳለሁ። ዳኛው ይስማማል?»

«ዳኛው ይስማማል» አልኩ። ዜሮ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ። እርግጠኝነቴን የዚያን ዕለት ያህል ጠልቼው አላውቅም።

ዓርብ ዕለት ገበያ ወጣን። በዐቢይ ጾም አንድ ዲያቆንና አንድ ኮቱን የቆለፈ መምህር ሠላሳ እንቁላል ሲመርጡ እንዴት እንደሚታዩ አስቀድመን አላሰብንበትም። ባለ እንቁላሏ ሴትዮ ኅሩይን ከጥምጣሙ እስከ ጫማው አየችው።

«ዲያቆን፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለመብረቂት» አለ ምስኪን፣ ሲደነግጥ እውነት ይናገራልና።

«መብረቂት ማናት?»

«ከገደል የወደቀች ሴት ናት።»

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች። «ለታማሚ ነዋ! ለታማሚስ ይፈቀዳል። እግዜር ይማራት» ብላ ሁለት እንቁላል መረቀችልን። ኅሩይ ሁለቱን መልሶ ካልሰጠሁ ብሎ ግማሽ ሰዓት ለመናት፤ ውርርዳችን በሠላሳ ነበርና።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከከተማው በስተ ምሥራቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዘን ከገደሉ አፋፍ ደረስን። ከሥሩ የታረሰ ማሳ፣ ወደ ዳር ጥቂት ቤቶች፣ ከዚያ ራቅ ብሎ የቤተ ክርስቲያን ዛፎች ይታያሉ። በማሳው ላይ ሰው እንደሌለ አረጋገጥን። ገመዱን ሰድደን መለካት ስንጀምር የማን ክንድ ይሁን በሚለው ላይ ጉባኤ ተቀመጥን። በደሴ ክንድ ስንለካ ገደሉ አርባ ስምንት፣ በእኔ ክንድ አርባ ሆነ። በመጨረሻ በኅሩይ ክንድ አርባ ሁለት የሆነበት ስፍራ ተገኘና ክህነት ያለው ክንድ ጸና።

ሰው መሳዩን ሠራን። አንድ ጆንያ በገለባ ሞላን፤ እንቁላሎቹን ማኅሌት ራሷ፣ ሕፃን እንደምታስተኛ ቀስ እያለች፣ በየቦታው ሸጎጠቻቸው። ለጭንቅላት ደሴ አንድ ቅል አምጥቶ ነበር። ነገር ግን የጆንያው ጎን ተተርትሮ ገለባው መፍሰስ ጀመረ።

«የሚቆለፍ ልብስ ያስፈልገዋል» አለች ማኅሌት፤ ሦስቱም ዘወር ብለው እኔን አዩ።

«ዳኛው በፍርዱ እርግጠኛ ከሆነ ኮቱን ያዋስ» አለች።

ፍትሐዊ ነው ብዬ አመንኩ። ጠመኔዬን፣ እስክሪብቶዬንና መሐረቤን ከውጭ ኪሶቼ አውጥቼ ኮቴን አወለቅሁ። ነፋሱ በሸሚዜ ሲገባ ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ። ሰው መሳዩ ኮቱን ለብሶ እስከ ላይኛው ቁልፍ ሲቆለፍ ደሴ መሬት ላይ ተንከባለለ።

«መምህር፣ ከአንተ እሱ ይናገራል!»

«በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት» አልኩ፣ ድምፄን አክብጄ። ደሴና ኅሩይ አወዛውዘው ለቀቁት።

ከአርባ ሁለት ክንድ መውደቅ ሁለት ሴኮንድ ይፈጃል። ረጅም ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሴኮንድ የኮቴ የቀኝ እጅጌ፣ የሚሰናበት ሰው እጅ ይመስል፣ ወደ ላይ ተነሣ። በሁለተኛው ሴኮንድ የውስጥ ኪሴ ትዝ አለኝ።

«ደብዳቤዬ!» አልኩ።

ቅሉ ከሥር «ጧ!» አለ።

ማኅሌት «የምን ደብዳቤ?» ለማለት አፏን ከመክፈቷ ከቤቶቹ ወገን የሴት ጩኸት ተሰማ። «ኡ! ኡ! ሰው ጣሉ! ሰው ከገደል ጣሉ!» ጩኸቱን ሌላ ጩኸት ተቀበለው። ባዶ ነው ያልነው አገር ሰው አበቀለ። ከአጥር ጀርባ፣ ከወንዙ በኩል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሰዎች ማሳውን አቋርጠው ሲሮጡ አየን። ሁለቱ ቃሬዛ ተሸክመዋል። ከየት እንዳመጡት፣ በምን ቅጽበት እንዳነሡት ዛሬም አላውቅም።

«ሰው አይደለም! እንቁላል ነው!» ብዬ ወደ ታች ጮህኩ። ነፋሱ ወደ እኔው መለሰው።

የቁልቁለቱ መንገድ ዞሮ የሚወርድ ነው። ሮጥኩ። አንባቢ ሆይ፣ ካደግሁ ወዲህ ሮጬ አላውቅም ነበር። በሸሚዝ፣ ጠመኔዬን በእጄ ጨብጬ፣ እየተንሸራተትኩ ሮጥኩ። ማኅሌት ከጎኔ ናት፤ ደሴ ከኋላ እየሳቀ፣ ኅሩይ ጥምጣሙን ይዞ እየጸለየ ይከተሉናል።

ስንደርስ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ባዶው ቃሬዛ አጠገባቸው ተቀምጧል። ጩኸቱ ቆሟል። የወደቀው ሰው ገለባ ሆኖ ተገኝቷል፤ ገለባው ኮት ለብሷል፤ በጾም ቀን ሆዱ እንቁላል ነው።

«መተት ነው» አለች አንዲት አሮጊት፣ እትዬ የሺ ይሏታል፤ ያ መጀመሪያ የሰማነው ጩኸት የእሷ ነበር። «እንዳትነኩት! በአገሩ ላይ ያደረጉት ነው። ባይሆንማ ይሄ ሁሉ እንቁላል ምን ሊሠራ?»

ኅሩይ ይህን ሲሰማ ከደሴ ጀርባ ተደበቀ። እንቁላል የገዛ ዲያቆን ምን ሊባል እንደሚችል ከሁላችን በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

በክቡ መካከል አንድ ሽማግሌ ካህን፣ ቄስ መንገሻ፣ በመቋሚያቸው ኮቱን ገለጥ አደረጉ። ከውስጥ ኪሱ በአራት የታጠፈ ወረቀት ወደቀ።

«ይኸው ክታቡ!» አለች እትዬ የሺ።

ካህኑ አማተቡ፤ ወረቀቱን አንሥተው ዘረጉት፤ ከዐይናቸው አራቁት። እኔ «የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። ጠመኔውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ። ቄሱም ማንበብ ጀመሩ።

«ለክብርት ሲስተር ማኅሌት። ባሉበት።»

ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውናል፤ ማኅሌት ከጎኔ ድርቅ አለች።

«ሲስተር ማኅሌት የክትባቷ አይደለችም?» አለ ቃሬዛውን ያመጣው ጎልማሳ። «የኔን መንታዎች የከተበችው?»

«በኛ ሲስተር ላይ ነው የሚያስደግሙባት? የማን ያለህ!» ብላ እትዬ የሺ መቀነቷን አጠበቀች። «ማን ነው? ይምጣና እኔን ይሞክረኝ!»

«ጸጥ በይ፣ ገና ነው» አሉ ቄሱና ቀጠሉ። «ጉዳዩ፤ ልባዊ ስሜትን ስለ ማሳወቅ።» ቆም አሉ። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። «እኔ ብዙ ክታብ አይቻለሁ፤ መተት ጉዳዩ ብሎ ሲጀምር አላየሁም።»

ደሴ ከኋላዬ እንደ ፍየል የሚመስል ድምፅ አሰማ።

«ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው፣ አመልካቹ ከእርስዎ ጋር ከተዋወቀበት ዕለት ጀምሮ በእንቅልፉ፣ በምግቡና በመማር ማስተማር ሥራው ላይ መጠነኛ መስተጓጎል የደረሰበት ሲሆን …»

«አመልካቹ ማን ነው?» አሉ ከሕዝቡ።

«ታሞ ነው መሰለኝ» አለች አንዲት ሴት አዝና። «እንቅልፍ የለውም፤ እህል አይቀምስ።»

ቄሱ አንድ ገጽ አነበቡ፤ ሁለተኛውንም አነበቡ። ብቁ አለመሆኔን በስድስት ነጥብ የዘረዘርኩበት ክፍል ሲደርስ ሽማግሌዎቹ መሬት ተቀመጡ። «ልጁ ትሑት ነው» አለ አንዱ። «ግን ምን ፈለገ?» አለ ሌላው። እትዬ የሺ ብቻ ገብቷት ነበር፤ መቀነቷን አላልታ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች።

«ስለሆነም በታላቅ ትሕትና የምጠይቅዎ …» ብለው ቄሱ ሦስተኛውን ገጽ ገለጡ። ገለጡና ወደ ፀሐይ አቀኑት።

«እሺ፣ ምን ይጠይቃታል?» አለ መላው ሕዝብ።

«አይነበብም። አስኳል ፈሶበታል።»

አንባቢ ሆይ፤ በዚያች ማሳ ላይ የተሰማውን የቅሬታ ድምፅ መግለጽ አልችልም። ሃያ ሰው ሰው ለማዳን ሮጦ፣ መተት ፈርቶ፣ ሁለት ገጽ ታግሦ አዳምጦ፣ ፍሬ ነገሩ ላይ ሲደርስ እንቁላል!

«ጸሐፊው ይታወቃል?» አሉ ቄሱ ዙሪያቸውን እያዩ። ዐይናቸው ሸሚዝ ብቻ ለብሶ፣ ጠመኔ ጨብጦ የቆመ ሰው ላይ ዐረፈ። «ኮት የለበስከው አንተ፣ ማለቴ፣ ያልለበስከው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ» አልኩ።

ክቡ ተከፈተልኝ። ማኅሌት ግን ቀድማኝ ገባች። እኔን ሳታይ ሰው መሳዩ አጠገብ ተንበርክካ ኮቱን ፈታች፣ ገለባውን እየበታተነች እንቁላል ታወጣ ጀመር። ሕዝቡ ምን እንደምታደርግ ባያውቅም ዝም ብሎ አብሯት ቆጠረ። «አንድ … ሁለት … ይሄ ተሰነጠቀ … ሦስት …» ሰባት ላይ ስትደርስ እጇ ገለባው ውስጥ ብዙ ቆየ። ሁለት ደኅና እንቁላል በአንድ እጅ ይዛ አወጣች።

«ዘጠኝ» አለች። «ከዳይሱም ይበልጣል። መብረቂት ኖራለች።»

ማሳው በቅርቡ የታረሰ ነበር፤ አፈሩ ለስላሳ ነበር፤ ገለባው ግጭቱን ተቀብሏል። ምክንያቱን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አውቀው ነበር፤ ከአፋፉ ላይ ሆኜ ግን አንዱም ትዝ አላለኝም።

ማኅሌት እጆቿን ጠርጋ ተነሣችና ፊቴ ቆመች። ዐይኖቿ እርጥብ ነበሩ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ መለየት አልቻልኩም።

«መምህር፣ ይሄ ደብዳቤ ሲነበብ ከስንት ክንድ ወደቅህ?»

«አልተለካም» አልኩ።

«ስንት ጽናት ቀረህ?»

ራሴን መረመርኩ። ሐቀኛ መልስ መስጠት ነበረብኝ።

«አንድ።»

«አንድ ብቻ የቀረው ሰው በደንቡ መሠረት ምን ማድረግ ይችላል?»

«ቆሞ ይናገራል» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ተማሪ ነበር።

«እንግዲያው ተናገር።»

አምስት ወር ያረቀቅሁት ዐረፍተ ነገር አስኳል ውስጥ ነበር። አንድም ቃሉ ትዝ አላለኝም።

«ማኅሌት፣ እወድሻለሁ» አልኩ። «ሚስቴ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ።»

«ለዚህች ነው ሦስት ገጽ?» አለች እትዬ የሺ።

ማኅሌት ሳቀች። ጠረጴዛ ስላልነበረ የመታችው ትከሻዬን ነው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈውን የመብረቂትን ወረቀት አወጣች፤ ወደ ደሴም ዞራ፣ ለዳኝነቱ ብለን ይዘነው የመጣነውን የደንቡን ደብተር ከብብቱ ተቀበለች። እሑድ የጻፍኩበትን ገጽ ገልጣ ሰጠችኝ።

«መጀመሪያ ‹ሞታለች› የሚለውን በእጅህ ሰርዝ።»

እስክሪብቶዬን ከአፋፉ ላይ ጥዬው መጥቻለሁ። ቄስ መንገሻ ከቀሚሳቸው ኪስ የራሳቸውን አውጥተው አቀበሉኝ። ሰረዝኩ፤ ከላዩም «ተነሥታለች» ብዬ ጻፍኩ።

«እሺ» አለች ማኅሌት። «እኔም እሺ።»

እልልታው ገደሉን ነክቶ ተመለሰ። ቄሱ መቋሚያቸውን አነሡ። «ሰርጉ ከጾሙ በኋላ ነው» አሉ። «ቅጣትም አለባችሁ፤ አገር አስደንግጣችኋል። እነዚህ ዘጠኝ እንቁላሎች አይበሉም፤ ባለቤቴ ለምታስታቅፋት ዶሮ ይሰጣሉ። ለፋሲካ አራታችሁም መጥታችሁ የተፈለፈለውን ትቆጥራላችሁ።» ከዚያ ወደ ደሴ ጀርባ አዩ። «አንተ ባለ ጥምጣሙ፣ ቀና በል። ከቤተ ልሔም አይደለህም?»

ኅሩይ ቀና ሲል ፊቱ በርቶ ነበር። የሚያየው ካህኑን አልነበረም፤ ገለባው አጠገብ ባዶውን የተቀመጠውን ቃሬዛ ነበር።

«መምህር!» አለኝ። «አራተኛውን አገኘሁት። አንድም ከሥር የሚሮጥ ሰው ነው።»

ማኅሌት ሰኞ ጠዋት ሄደች፤ ኮቴን ለብሳ። አስኳሉን ደብረ ታቦር ወስጄ አሳጥበዋለሁ ብላ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልመለሰችልኝም። ለፋሲካ መጣች። ከዘጠኙ አራት ጫጩት ተፈልፍሏል። ደሴ ትልቋን መብረቂት ብሏታል፤ አንዱን ደግሞ፣ አንገቱን አቅንቶ ስለሚሄድ፣ ቃለ ጉባኤ።

አንባቢ ሆይ፤ እርስዎም ምናልባት አንድ የታጠፈ ወረቀት በውስጥ ኪስዎ ይዘው ይሆናል። ከገደል ይጣሉት አልልም። እኔ ግን ፍጥነትንና ከፍታን ብቻ ሳሰላ፣ ከአፋፉ ላይ ባዶ መስሎ የታየኝን ማሳ አስልቼ አላውቅም ነበር። የማን ልጅ እንደሆነ የማያውቁት ሰው ወደቀ ብለው ቃሬዛ ይዘው የሮጡትን ሰዎች ከዚያ ቀን በፊት በየትኛውም ቀመሬ ውስጥ አልከተትኳቸውም።

ዛሬም ዳኛ ነኝ። ኮት የለኝም፤ ደሴን «አንተ» እለዋለሁ። የመውደቅ ደንቡንም አልነካሁትም፤ በየሰባት ክንዱ አንድ ዳይስ ነው። ከሥሩ ግን በእጄ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፤ «ሊያነሣው የሚሮጥ ሰው ካለ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዳይስ ይቀነስለት።»